ሙዚቃን፣ ምጣኔ ሀብትንና ዲፕሎማሲን በአንድ ጥናት

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያዬ የወሎን ሙዚቃ ከኢኮኖሚና ከዓለም አቀፍ ፖለቲካ ጋር አያይዤ ማጥናት ፈልጌ ነበር፤ አማካሪዬ ግን «አንዱን ምረጪ» አሉኝ። ምን ይመክሩኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ ሐሳብዎን አይተዉት፤ ሦስቱን መስኮች የሚያገናኝ አንድ ጠባብ ጥያቄ ግን ያስፈልግዎታል። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በፋብሪካ የአንድ ሠራተኛ ምርት በማሽን እየታገዘ ሲያድግ፣ የመድረክ ሥራ ግን የቀድሞውን ያህል ሰውና ጊዜ ይፈልጋል፤ ክፍያው ከሌላው ሙያ ጋር አብሮ ማደግ ስላለበትም ወጪው ይንራል። በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ሊፋጠን ይችላል፤ አምባሰልን በማሲንቆ የሚጫወት ሰው ግን ቢቸኩል የሚያወጣው ዜማ አምባሰል አይሆንም። እንግዲህ ከገቢው በላይ የሚሆነውን ወጪ ማን ይሸፍናል? ፖለቲካው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ የመጣው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው ጉዞ ነበር። እርስዎም ወደ ውጭ አገር ተጉዞ የተጫወተ አንድ የወሎ ቡድን ይምረጡና የጉዞውን ወጪ ማን እንደከፈለ፣ ተጫዋቾቹ ምን እንዳገኙ፣ ላኪው መንግሥት ምን እንደፈለገ ይጠይቁ። አንጋፋዎቹን ተጫዋቾች በሕይወት ሳሉ ማነጋገሩን ግን ያስቀድሙ።