ከባድ ቃል ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ ሁለት ዓመት በአንድ የግል ድርጅት ሠርቻለሁ። አሁን ሐዋሳ ውስጥ ኤንጂኦ ገብቼ ፋይናንስ ኦፊሰር ሆኛለሁ። ሥራውን አልፈራውም። የሚያስፈራኝ እንግሊዝኛው ነው። አንድ ኢሜይል ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ስብሰባ ላይ የማውቀውን እንኳ መናገር ያቅተኛል። ምሳ ሰዓት የውጭ አገር ባልደረቦቼ ሲጫወቱ ፈገግ ብዬ ከመቀመጥ በቀር የምለው የለኝም። ከቴሌግራም 5,000 «አድቫንስድ» ቃላት ያሉት ፒዲኤፍ አውርጄ በቀን 50 እየሸመደድኩ ነው። በሳምንቱ ግን ይጠፋኛል። ለሦስት ወር የቃላት ኮርስ ልክፈል ወይስ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። ፈተናውንም ኢንተርቪውንም ያለፍሽው በእንግሊዝኛ መሆኑን አትርሺ። ከዜሮ እየጀመርሽ አይደለም።

ፒዲኤፉን ዛሬውኑ ዝጊው። ቃላቱ የሚጠፉሽ ጭንቅላትሽ ደካማ ስለሆነ አይደለም። በፊደል ተራ የተደረደሩ ቃላት እርስ በርስ ይምታታሉ። አጀማመራቸው የሚመሳሰል አሥር ቃላት በአንድ ምሽት ከገቡ ጠዋት የትኛው የቱ እንደነበር መለየት ያስቸግራል። ከዚያም በላይ አብዛኞቹን ዓመቱን ሙሉ ቢሮሽ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አታገኚያቸውም።

ብዙ ሰው «አድቫንስድ» ሲባል ማንም የማያውቀው ቃል ይመስለዋል። ሥራ ላይ የሚያስከብረው ግን ሌላ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. አቬረል ኮክስሄድ የተባለች ተመራማሪ በኒውዚላንድ ሆና የትምህርትና የምርምር ጽሑፎችን መርምራ አንድ ዝርዝር አወጣች። ከአንድ ሥር የወጡትን ቃላት እንደ አንድ ብትቆጥሪ 570 ብቻ ናቸው። በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ግን ከ100 ቃል 10 ያህሉን ይሸፍናሉ። ምን ምን ናቸው ካልሽ፣ አሎኬት፣ ጀስቲፋይ፣ ኢስቲሜት፣ ኢምፕሊመንት፣ ሪቬኑ፣ ኮንትራክት። ቢያንስ ግማሹን ታውቂያለሽ። ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። የግድ ዝርዝር ካማረሽ እሱን ያዢ።

የእኔ ምርጫ ግን ጠረጴዛሽ ላይ ያለው ወረቀት ነው። የግራንት ስምምነቱን፣ ያለፈውን ዓመት የኦዲት ሪፖርትና ከዶነሩ የመጡትን ኢሜይሎች አውጪ። በቀን አምስት ወይም ስድስት ቃል ከነሱ ምረጪ። ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ ገልብጪው፤ ብቻውን አትገንጥይው። ለምሳሌ ሪኮንሳይል (ሒሳብ ማስታረቅ) የሚለው ቃል ከባንክ ስቴትመንት ጋር ሲመጣ፣ ቫሪያንስ (በባጀቱና በወጪው መካከል ያለው ልዩነት) ደግሞ ከፊቱ «ኤክስፕሌይን» ሲቀድመው አይተሽ ያዢ። የቃሉን ፍቺ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲጽፍ ይደናቀፋል። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል የሚያውቅ ሰው ግን ሳያስብ ይጽፋል።

ለኢሜይሉ ደግሞ አቋራጭ አለ። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው የላካቸውን፣ ከዋናው ቢሮ የመጡትንም ጥሩ ጥሩ ኢሜይሎች ለይተሽ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጪ። የፋይናንስ ኢሜይል ዓይነቱ ጥቂት ነው። ሪፖርት መላክ፣ የጎደለ ሳፖርቲንግ ዶክመንት መጠየቅ፣ አድቫንሱን ያላወራረደውን ባልደረባ ማስታወስ፣ የዘገየ ክፍያ ማብራራት፣ ገንዘብ መግባቱን ማረጋገጥ። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሞዴል ካለሽ ግማሽ ቀኑ ወደ ሩብ ሰዓት ይወርዳል። በነገራችን ላይ «ዊዝ ዲው ሪስፔክት» ብለሽ አትጀምሪ። በእኛ ማመልከቻ ልማድ ትሕትና ይመስላል። በእንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ «ልቃወምህ ነው» የሚል መንደርደሪያ ነው።

የያዝሽው እንዳይጠፋ ለማድረግ ድግግሞሹን አራርቂው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ራሱን እየፈተነ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ የሸመደድነው ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ተመለሺበት። እየደጋገሙ ማንበብ ብቻ አይበቃም። ፍቺውን ሸፍነሽ ራስሽን ጠይቂ። አንኪ የሚባለው አፕ ይህን ቀጠሮ ራሱ ይይዝልሻል። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ ነጻ ነው፤ በአይፎን ግን ይከፈልበታል።

ስብሰባ ላይ አፍሽ የሚያያዘው፣ ቃላቱን በዓይንሽ እንጂ በጆሮሽ ስለማታውቂያቸው ሊሆን ይችላል። የራስሽን ሙያ ቃላት ተመልከቺ። ዕዳ ለማለት «ዴት» ስንል መሐል ያለችው «ቢ» አትነበብም። ደረሰኝ ለማለት «ሪሲት» ስንልም «ፒ» ትዋጣለች። የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ድምፅ አላቸው። እያንዳንዱን አዲስ ቃል አዳምጪው፤ ጮክ ብለሽም ድገሚው።

ከስብሰባው በፊት ባለው ምሽት አጀንዳውን እዪና ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጂ። አንዱ የባጀት አጠቃቀሙን የሚገልጽ ይሁን። አንዱ ችግር የሚያነሳ። አንዱ ጥያቄ። መልሱን ካላወቅሽ «ሌት ሚ ቼክ ኤንድ ጌት ባክ ቱ ዩ» ማለት ፍጹም ጨዋ መልስ ነው። አለቆችም ይሉታል።

የምሳ ሰዓቱ ጨዋታ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የሚቸግሩሽ ረጃጅም ቃላት አይደሉም። ፊገር አውት (አስቦ መረዳት)፣ ፑት ኦፍ (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ)፣ ራን አውት ኦፍ (አንድ ነገር ሲያልቅብን) የሚባሉት ናቸው። ቃላቱን አንድ በአንድ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ታውቂያቸዋለሽ፤ ሲጣመሩ ግን ትርጉማቸው ይለወጣል። እነዚህ ከመጽሐፍ ይልቅ በጆሮ ይገባሉ። የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ ስድስት ደቂቃ ገደማ የሚፈጁ ዝግጅቶች ጽሑፋቸው ጭምር በነጻ አለ። ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ ስሚያቸው።

ለንባብ ደግሞ በአማርኛ የምታውቂውን ዜና በእንግሊዝኛ ድገሚው። ለምሳሌ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ያደረገበት ጉዳይ። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ከዶላር ግራንት ጋር የምትሠራ ሰው ልታመልጠው አትችልም። ፎርቹን፣ ካፒታልና የእንግሊዝኛው ሪፖርተር ስለሱ ብዙ ጽፈዋል። ነገሩን ስለምታውቂው አዲሱ ቃል ራሱን ያብራራል። የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ቋንቋን ግን ወደ ኢሜይልሽ አታምጪው። እዚያ ያጌጠ ዓረፍተ ነገር ቢሮ ውስጥ ሰው ያደናግራል።

ኮርሱን በተመለከተ፣ ከመክፈልሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። በአንድ ክፍለ ጊዜ እኔ ስንት ደቂቃ እናገራለሁ? የጻፍኩትን ማን ያርመዋል? «ሃንዳውት እንሰጣለን» ካሉሽ ብርሽን ኪስሽ ውስጥ አቆዪው። ተናግረሽና ጽፈሽ የምትታረሚበት ከሆነ ግን ይጠቅምሻል። ደግሞም ከኪስሽ ከማውጣትሽ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ባጀት እዪ። ብዙ ኤንጂኦዎች ለሠራተኛ ስልጠና የሚሆን መስመር አላቸው፤ መኖሩን ለማየት ደግሞ ከፋይናንስ ኦፊሰር የቀረበ ሰው የለም። ካገኘሽው የሙከራ ጊዜሽ ሲያልቅ ለአለቃሽ በጽሑፍ አቅርቢ። ከሥራሽ ጋር ምን እንደሚያገናኘው በሁለት መስመር ግለጪ፤ የኮርሱን ዋጋና ሰዓትም አያይዢ።