ታንኳው ውኃ ይጠጣ፦ የሌቭል ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ባሕር ዳር ሆነው በዝላይ ጌሞች ላይ የራሳቸውን ሌቭል (የጨዋታ ደረጃ) ከሚሠሩ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ሞድ ይሠራሉ፤ ሞድ ማለት በወጣ ጌም ላይ ሌላ ሰው የሚጨምረው ሥራ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል። ለአንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃዋል፣ አንዱ ላይ ግን ብዙ ቆይቻለሁ።

ሴሌስት በሚባለው የዝላይ ጌም ላይ ሞድ ብጭን እስካሁን የደረስኩበት ይጠፋብኛል ወይ?

ከመጫንህ በፊት «ሴቭስ» የሚለውን ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጠው። አለቀ።

ከፖሊ ግቢ አካባቢ የጻፈ ተማሪ ውጭ አገር የሚከፍልበት ካርድ የለውም፣ ላፕቶፑም ያረጀ ነው። ከጓደኛው ክራክ የሆነ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚዞር ጌም ወስዶ ሞድ ሊሠራበት አስቧል።

አትውሰድ። የሰው ድካም ነው፤ ደግሞም አያስፈልግህም። «ሱፐርተክስ» የሚባለው የዝላይ ጌም ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ ሌቭል መሥሪያው እዚያው ጌሙ ውስጥ አለ። ቴሪ ካቫና እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «ቪቪቪቪቪቪ» ደግሞ አለ። በዚህ ጌም መዝለል የለም፤ ያለህ አቅም ስበትን መገልበጥ ብቻ ነው፤ ወለሉ ጣሪያ፣ ጣሪያው ወለል ይሆናል። ዋናው ጌም ይሸጣል፤ «ሜክ ኤንድ ፕሌይ» የሚባለው እትሙ ግን በነጻ ይወርዳል። ሌቭል መሥሪያም (ኤዲተር) አለው፣ ሌሎች የሠሯቸውን ሌቭሎችም ያጫውታል።

የመጀመሪያው ሴሌስት ራሱ ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ እ.ኤ.አ. በ2015 በአራት ቀን የሠሩት ትንሽ ጌም ነበር፤ እሱም ዛሬ ድረስ በነጻ ይጫወቱታል። በአራት ቀን! መብራት በሄደ ቀን ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አውጣ፤ የ«ቪቪቪቪቪቪ» አንዱ ክፍል 40 በ30 ካሬ ስለሆነ እርሳስ ይበቃሃል።

አንዲት የፔዳ ግቢ ልጅ ስለ ጣና ሌቭል ሠርታ ምስሎቹን ልካልኛለች። ከኋላ ሐይቁ፣ ዳር ላይ ፔሊካኖች፣ መሐል ላይ የቆመች ታንኳ። «ባሕር ዳርን ይበልጥ እንዲመስል ምን ልጨምርበት?» ትላለች።

ምንም አትጨምሪ እህቴ። ሥዕልሽ ያምራል። ግን ሥዕሉን አንሥተሽ በቦታው የበረዶ ተራራ ብታስቀምጪ፣ አጨዋወቱ ላይ የሚለወጥ አንዳች ነገር የለም። ጣና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ሆኗል። እኔ የምፈልገው ጣና ተጫዋቹን ሲያስቸግረው ማየት ነው።

ታንኳዋን እንውሰድ። የምትታሰረው ከደንገል ነው። ደንገል ይንሳፈፋል፣ ግን ውኃ ይጠጣል። ባለታንኳው ከሐይቁ ሲወጣ ዳር ላይ ጎትቶ አቁሞ ፀሐይ የሚያስመታት ለዚህ ነው፤ ካልደረቀች ትከብዳለች፣ ቶሎም ትበሰብሳለች። ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ሰው ይህን ሒሳብ ሳያሰላ አይነሣም። ይህን ሒሳብ ለተጫዋቹ ስጪው። የቆመባት ታንኳ በየሰከንዱ አንድ ፒክስል ትስጠም። እንጨት ሲጭንባት መስመጧ ይፍጠን። ፀሐይ ያለበት ዳር ካደረሳት ትድረቅና ትነሣ። ሁለት ታንኳ ስጪውና አንዷን እያደረቀ በሌላዋ ይሻገር።

እምቦጭም አለ። ከሩቅ ሲያዩት ሣር የለበሰ መሬት ይመስላል፣ ሲረግጡት ግን ሥር አልያዘም፤ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ተጫዋቹ ባመነታ ቁጥር ውኃው እየጠበበ የሚሄድበት አንድ ክፍል ሥሪ። መዝናናት የለመደ ተጫዋች እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ሐይቃችን አንድ ነገር ይገባዋል፣ አንቺም አንድ ቃል መጻፍ አያስፈልግሽም።

ጢስ ዓባይም በክረምትና በበጋ አንድ አይደለም። ክረምት ላይ ወደ 45 ሜትር ከሚጠጋ ገደል ይንደረደራል። የበለስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ከጣና ውኃ ከፊሉ በዋሻ ወደ በለስ ስለሚሄድ፣ በበጋ ገደሉ ራቁቱን የሚቀርበት ጊዜ አለ። አንዱን ክፍል ሁለቴ አጫውቺን፦ በክረምት ውኃው ቁልቁል እየገፋን፣ በበጋ ደረቁን ድንጋይ ቧጥጠን እየወጣን። ካርታው ያው ነው፤ ወቅቱ ብቻ ተለውጧል።

ስለ መሣሪያው ጠይቀሻል። ሴሌስት ላይ ሞዱን የሚጭነው «ኤቨረስት»፣ ሌቭሉን የምትሥዪበት ደግሞ «ሎን» ነው። አዲስ ጠባይ ያለው ነገር መፍጠር ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ መጻፍ ይጠይቃል። እስክትለምጂ ድረስ ሲቆሙበት የሚሰምጥ፣ ሲለቁት የሚነሣ መድረክ ጌሙ ውስጥ አስቀድሞ አለልሽ፤ ታንኳሽን በእሱ ጀምሪ። ሲያልቅ ላኪልኝ፣ እጫወተዋለሁ።

ይህችው ልጅ የዘጌውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሥዕሎች በስልክ አንሥታ የሌቭሉ ግድግዳ ልታደርጋቸው ትፈልጋለች።

አባቶችን ሳትጠይቂ አይሆንም። በጽሑፍ ሳይሆን ዘጌ ድረስ ሄደሽ፣ ሌቭሉን በላፕቶፕ አሳይተሽ ጠይቂ። በጌም ውስጥ ግድግዳ ይረገጣል፣ ይመታል፣ እሾህም ይተከልበታል። እነዚህ ሥዕሎች የሚጸለይባቸው ናቸው። ይህን እኔ ልፈቅድልሽ አልችልም።

የጻፍኩት አማርኛ ጌሙ ውስጥ ባዶ ሣጥን ብቻ ሆኖ ይታያል።

ጥፋቱ የፊደላችን አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አለ፤ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እንደ ዐረብኛ ጎረቤቱን አይቶ ቅርጹን አይለውጥም። ሣጥን የሚያሳይህ ጌሙ የያዘው ፎንት (የፊደል ቅርጽ ስብስብ) ሆሄውን ስለማያውቀው ነው። እንደ ጎዶት ባለ የጌም መሥሪያ ሞተር ከሠራህ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» የሚባለውን ፎንት ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገባ፣ ይበቃል። ሴሌስት ግን ሆሄያቱን አስቀድመው በምስል ተዘጋጅተው ይፈልጋቸዋል። ሁሉንም አታዘጋጅ፤ ጽሑፍህ ውስጥ ያሉትን ብቻ ለይ። ለአጭር ሌቭል ከመቶ ላይበልጡ ይችላሉ።

የውጭ ሰው ሌቭል ወስጄ ንግግሩን ወደ አማርኛ መለስኩት። የሠሪውን ስም መጻፍ ግዴታ ነው?

ይህን እንዴት ትጠይቀኛለህ? ከስሙ በፊት ፈቃዱን ነው የምትጠይቀው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ስትሮውቤሪ ጃም» የሚባለው የሴሌስት ሞድ ከ100 በላይ ሌቭል አለው፣ የሠሩትም ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ነው። ደሞዝ በሌለበት ሥራ ስም ደሞዝ ነው። ዛሬውኑ ጻፍለት። እምቢ ካለ ከፍላሽህ አታውጣው።

ሞዴን ብሸጥስ?

የጌሙን የፈቃድ ጽሑፍ አንብብ። ካልገባህ የሕግ ባለሙያ ጠይቅ።

ሁለት ወር ሙሉ አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ ሌሊት የሚደነዝዝበት ወጣት ቅባት ጠይቆኛል።

ቅባት አልነግርህም። የእጅ አንጓ ላይ ነርቭ ሲጨነቅ እንዲህ ያደርጋል፤ እጅ በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደክም ሊባባስ ይችላል፣ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሲቆይ መጨበጥ እስኪያቅት ጡንቻውን ያደክማል። ሁለት ወር ብዙ ነው። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እስከዚያ ኪቦርዱን ተወው። ሐኪሙ ምን እንዳለህ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።

የስምንተኛ ክፍል ልጃቸው ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሌቭል ሲሠራ የሚያመሽባቸው እናት፣ ላፕቶፑን ልቆልፍበት ወይ ብለዋል።

እመቤቴ፣ የእንቅልፉን ሰዓት ያስከብሩ፤ በዚያ አይደራደሩ። ላፕቶፑን ግን አይቆልፉ። ቅዳሜ ከቡና በኋላ አጠገቡ ይቀመጡና የሠራውን ራስዎ ይጫወቱት። ይወድቃሉ፣ ደጋግመው ይወድቃሉ። የት ላይ እንደተቸገሩ ብቻ ይንገሩት። እሁድ ጠዋት ያንን ቦታ አስተካክሎ ያሳይዎታል።