«እንድትጫወት ነው እንዴ ምንከፍለው?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። ልጄ 4 አመቷ ነው፣ ዘንድሮ ኬጂ 1 አስገባናት፣ ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ነው ይባላል ክፍያውም ቀላል አይደለም። በየቀኑ ሆምወርክ ይዛ ትመጣለች፣ ኤቢሲዲ አንድ ገጽ ሙሉ፣ ከ1 እስከ 50 ጻፊ ምናምን፣ ማታ ማታ እያለቀሰች ነው ምትጽፈው። የባለቤቴ እህት በቅድመ መደበኛ ትምህርት ፒኤችዲዋን እየሰራች ነው፣ ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ደብተሩን አየችና «ይቺ ልጅ እኮ አሁን መጫወት ነው ያለባት» ስትል ባለቤቴ «እንድትጫወት ነው እንዴ ምንከፍለው?» አላት፣ ከዛ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ወሬው ይሄ ብቻ ሆኗል። እውነት አሁን በ4 አመቷ ምታደርገው ነገር 8ኛ ክፍል ስትደርስ ለውጥ አለው? ወይስ ዝም ብለን ነው ምንጨነቀው?
የማክዳ እናት፣ ከጀሞ

መልስ፦ እህቴ፣ ለውጥማ አለው። ግን ለውጡ ሚመጣው በሞላችው ደብተር ብዛት አይደለም፣ ባለቤትሽና እህቱ ያልተግባቡትም እዚህ ጋ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ይፕሲላንቲ ምትባል ከተማ አለች፣ እዛ እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ጥናት ተጀመረ፣ ፔሪ ፕሪስኩል ይባላል። ከድሀ የጥቁር ቤተሰብ የመጡ 123 ህጻናት ነበሩ፣ 58ቱ መዋለ ህጻናት ገቡ 65ቱ አልገቡም፣ ማን እንደሚገባም ወላጅ አልመረጠም፣ የገቡት ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰአት ተኩል ይማራሉ፣ አስተማሪዋ ደሞ በሳምንት አንዴ ቤታቸው ሄዳ ከእናትየው ጋር ቁጭ ትላለች። ክፍል ውስጥ ምን ያደርጋሉ መሰለሽ፣ ልጁ ዛሬ ምን መስራት እንደፈለገ ይናገራል፣ ይሰራዋል፣ ከዛ ምን እንደሰራ መልሶ ያወራል። በቃ። መጀመሪያ ላይ የአይኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ፈተና) ውጤታቸው ተተኮሰ፣ ሁሉም ሰው ደስ አለው፣ ልጆቹ 8 አመት አካባቢ ሲደርሱ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ነገሩ እዛ ጋ ቢቆም ኖሮ «ገንዘብ ባከነ» ተብሎ ይዘጋ ነበር። አጥኚዎቹ ግን አልተዉም፣ እነዛን ልጆች 40 አመታቸው ድረስ ተከታተሏቸው፣ ያኔ ሲታይ መዋለ ህጻናት ከገቡት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ከመቶ 65 ናቸው፣ ካልገቡት ደሞ 45። ስራና ገቢ ላይም የተሻሉት የገቡት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደው ጀምስ ሄክማን ከባልደረቦቹ ጋር ይሄን ዳታ ደግሞ መርምሮ ያገኘው ነገር እኔን ሁሌ ያስገርመኛል፣ ለውጡን ያመጣው አይኪው ሳይሆን በአብዛኛው ጸባይ ነው፣ ማለትም የጀመሩትን መጨረስ፣ ራስን መቆጣጠር፣ ከሰው ጋር መስማማት።

አሁን ደሞ ተቃራኒውን ስሚ። እዛው አሜሪካ ቴነሲ የሚባለው ግዛት ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆች ላይ ተጠንቷል፣ ቦታ ስላልበቃ መዋለ ህጻናት በእጣ ነበር ሚገቡት። አመቱ ሲያልቅ የገቡት ልጆች ፊደልና ቁጥር ላይ ቀድመው ነበር፣ 6ኛ ክፍል ሲደርሱ ግን (ይሄ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው የታተመው) በፈተና ካልገቡት ያነሰ ውጤት አመጡ፣ የዲሲፕሊን ችግራቸውም በዛ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ከጠረጠሯቸው ነገሮች ውስጥ አንዱ የክፍሉ አኳኋን ነው፣ ቁጭ በሉ፣ ዝም በሉ፣ ሁላችሁም ወደ ሰሌዳ፣ ሰልፍ ያዙ፣ እንዲህ እየተባለ ቀኑ ያልቃል። እኔ ይሄን ሳነብ ያየሁት የኛን ሀገር ኬጂ ነው፣ ያውም የኛው ላይ ሆምወርክና የባዳ ቋንቋ ተጨምሮበት።

ስለዚህ ኬጂ መግባት በራሱ ዋስትና አይደለም፣ ዋናው እዛ ስትውል ምን ታደርጋለች ነው።

ለባለቤትሽ ደሞ ንገሪልኝ፣ መጫወት ማለት ስራ መፍታት አይደለም። ቅልልቦሽ ትዝ ይለዋል? አንዷን ጠጠር ወደላይ ወርውሮ አንድ አንስቶ፣ ከዛ ሁለት ሁለት፣ ከዛ ሶስትና አንድ፣ ከዛ አራቱንም ባንዴ። ይሄ እኮ 4 ቁጥር በስንት አይነት መንገድ እንደሚከፈል በእጅ መማር ነው። ሰኞ ማክሰኞ ላይ ደሞ ልጅቷ ተራዋን ትጠብቃለች፣ መስመር አልረግጥም ብላ ራሷን ትይዛለች፣ ህጉን በጭንቅላቷ ይዛ በአንድ እግሯ ትዘላለች፣ ራስን መቆጣጠር የሚባለው ይሄው ነው። «እንቆቅልሽ» ሲላት «ምን አውቅልህ» ብላ ስትመልስ፣ መልሱ ሲጠፋት ደሞ ሀገር ሰጥታ ስትሸነፍ ቃላት እየሰበሰበች ነው፣ ነገር ከነገር ማገናኘት እየለመደች ነው። 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ሚያቅታቸው ልጆች ብዙዎቹ ፊደል ጠፍቷቸው አይደለም፣ ቃሉንና ነገሩን ስለማያውቁት ነው።

ስለ ቁጥርም ካነሳሽ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ትልቅ ጥናት ነበር፣ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከካናዳ የመጡ 6 የተለያዩ የረጅም ጊዜ ዳታዎችን አንድ ላይ ያየ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ካላቸው ነገር የኋላ ውጤታቸውን በደንብ የተነበየው የቁጥር ግንዛቤ ነው፣ ቀጥሎ የንባብ መነሻ፣ ቀጥሎ ትኩረት። ግን ቁጥር ማወቅና 1 እስከ 50 መገልበጥ አንድ እንዳይመስልሽ። ዛሬ ማታ ሞክሪያት፣ ሽንኩርት ዘንቢሉን አቅርቢላትና «5 ሽንኩርት ስጪኝ» በያት። ቆጥራ 5 ላይ ካቆመች ቁጥር ገብቷታል። ዝም ብላ እየዘገነች ከሰጠችሽ፣ እስከ 100 ብትጽፍም ገና ነው፣ አይዞሽ ደሞ በ4 አመት ብዙ ልጅ እንደዛ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ሂሳብ ከመጠየቅ በፊት አንድ ጠዋት ክፍሉን ልይ ብለሽ ጠይቂ። አስተማሪዋ ከልጆች ጋር ታወራለች ወይስ ትናገራቸዋለች? ልጅ ጥያቄ ሲጠይቅ ምን ትለዋለች? ተረት አለ? መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሚነካኩት ነገር አለ? ሆምወርኩን በተመለከተ እኔ እናት ብሆን ካለቀሰች ደብተሩን እዘጋና «ዛሬ አልጨረሰችም» ብዬ እፈርምበታለሁ። ልጅቷ ደብተር ስታይ ሆዷ እየተረበሸ 1ኛ ክፍል ከምትደርስ ግማሽ ገጽ ቢጎድል ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር እንደምን አሉ። ደቡብ ጎንደር ገጠር ውስጥ የኦ-ክላስ (ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለው የዝግጅት ክፍል) አስተማሪ ነኝ። 70 ምናምን ልጅ አለኝ፣ ወንበር የለም፣ መጽሀፍ የለም፣ ያለኝ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ ነው። ልጆቹ ሀሁን በዜማ ከዳር እስከ ዳር ይሏታል፣ ግን ከመሀል አንዷን ነጥዬ «ይቺ ማን ናት?» ስላቸው ጭጭ ነው። የ1ኛ ክፍሉ መምህር ደሞ «ምን ስታስተምሪያቸው ከረምሽ?» ይለኛል፣ በጣም ነው ሚከፋኝ። ምን ላድርግ ይሉኛል?
ኦ-ክላስ አስተማሪ ነኝ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለዛ መምህር፣ 70 ልጅ ይዞ ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ሳምንት ይዋልና ከዛ ይጠይቅ። ከልቤ ነው። ኦ-ክላስ እኮ ከ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማእቀፍ ወዲህ ነው በየመንግስት ትምህርት ቤቱ የተስፋፋው፣ ኬጂ ለማይደርሰው የገጠር ልጅ በር መክፈቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ብዙ ቦታ ክፍሉ ተከፈተ እንጂ አስተማሪዋ ስልጠናም እቃም በወጉ አላገኘችም። በዛው በ2010 በሀገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና 2ኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች 34 በመቶዎቹ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ የሱም ክፍል ችግር አለበት ማለት ነው፣ ያንቺ ብቻ አይደለም።

ስለ ሀሁው የጠየቅሽው ግን ወርቅ ጥያቄ ነው፣ መልሱም እዛው ሰፈርሽ አለ። የቄስ ትምህርት ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ? የኔታ ሀሁን ካስጨረሱ በኋላ ልጁን አቡጊዳ ያስገቡታል፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ። ለምን ይመስልሻል? ሀ ሁ ሂ ሃ ዜማ ነው፣ ልጁ ፊደሏን ሳያይ በጆሮው ይዟት ይሄዳል፣ አቡጊዳ ላይ ግን ተራው ይፈርሳል፣ እያንዳንዷ ፊደል ከሌላ ቤተሰብ ከሌላ ድምጽ ትመጣለች፣ ስለዚህ ልጁ ግዴታ አይቶ ነው ሚላት። አባቶቻችን አንቺ አሁን የገጠመሽን ችግር ድሮ አይተውታል። 231ዱንም ፊደል ባንዴ አትዘርጊው። አንድ ሳምንት 5 ፊደል፣ መሬት ላይ አሸዋው ላይ በጣት፣ ተራው ሁሌ ተበጥብጦ።

ሌላው ፊደላችን ለህጻን ሚመች መሆኑን እንጠቀምበት፣ አንዷ ፊደል አንድ ሙሉ ድምጽ ናት፣ «ላ» ብለሽ «በላ ሚጀምር ማን ያውቃል?» ስትያቸው ላም፣ ላባ፣ ላሊበላ ይሉሻል፣ ይሄን ለማድረግ መጽሀፍም ወንበርም አያስፈልግም፣ ደጅ ዛፍ ስር ይሆናል። ለ70ው ደሞ የኔታ ሚያደርጉትን አድርጊ፣ የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ያስቀጽላል፣ ከ4ኛ ከ5ኛ ክፍል ጎበዝና ታጋሽ ልጆች ርእሰ መምህሩን አስፈቅደሽ በሳምንት ሁለት ቀን ግማሽ ሰአት ይምጡልሽ፣ 10 10 እየሆኑ ክብ ይስሩ። ቆርኪና ጠጠር ልጆቹ ራሳቸው ያመጣሉ።

ጥያቄ፦ ቲቸር እንዴት ኖት፣ የሶስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ርእሴ ቅድመ መደበኛ ትምህርት የኋላ የትምህርት ክህሎት ላይ ያለው ተጽእኖ ነው። 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ኬጂ የተማሩና ያልተማሩ ብዬ ከፍዬ የንባብና የሂሳብ ውጤታቸውን ላወዳድር ነበር ሀሳቤ፣ አድቫይዘሬ ፕሮፖዛሉን «ቤተሰቡስ?» ብሎ ጽፎበት መለሰልኝ። ምን ማለቱ ነው?
ፕሮፖዛሉ የተመለሰበት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥሩ አድቫይዘር አለህ። ልጁን ኬጂ ያስገባው ቤተሰብ ሌላም ሌላም ነገር አድርጎለታል፣ እናትየው ተምራለች፣ ቤት ውስጥ መብራት አለ፣ ከብት ጠብቅ አይባልም፣ ከተማ ነው ሚኖረው። 4ኛ ክፍል ላይ በልጦ ብታገኘው ኬጂው ነው ቤቱ? አትለየውም። ፔሪና ቴነሲ ላይ ከላይ ለማክዳ እናት የጻፍኩትን እየው፣ ክብደት ያላቸው ማን እንደሚገባ ወላጅ ስላልመረጠ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው ሚያልፈው ነው፣ 4ኛ ክፍል ላይ ያገኘሃቸው ልጆች የቀሩት ናቸው። 1ኛ ክፍልን የደገመው፣ 2ኛ ላይ ያቋረጠው አንተ ሳምፕል ውስጥ የለም፣ ኬጂ ያልተማሩት ውስጥ ደካሞቹ ቀድመው ወጥተው ከሆነ የቀሩት ጎበዞቹ ናቸው፣ የኬጂው ጥቅም ካለው አንሶ ይታይሃል። ስለዚህ ከቻልክ 1ኛ ክፍል ሲገቡ መዝነህ ተከተላቸው፣ ጊዜ ካጠረህ ደሞ ያንግ ላይቭስ የሚባለውን የረጅም ጊዜ ጥናት ተጠቀም፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 ቦታ 3,000 ልጆችን ሲከታተል የኖረ ነው፣ 2,000ዎቹን ገና አንድ አመት ገደማ እያሉ ነው የጀመራቸው፣ የቤቱ ኑሮ፣ የእናት ትምህርት፣ የልጁ ቁመት ሁሉ አለ፣ ዳታው ለአጥኚ ክፍት ነው። የገጠርና የከተማው ልዩነት እዛ ላይ አፍጥጦ ይታይሃል፣ በዛ ትውልድ መዋለ ህጻናት የገባው በአብዛኛው የከተማ ልጅ ነው።

እድሜ ላይም ተጠንቀቅ፣ ገጠር ላይ የልደት ወረቀት የሌለው ብዙ ነው፣ ኦ-ክላስ ውስጥ የ8 አመት ልጅ ታገኛለህ፣ እሱን ከ6 አመቷ ጋር እኩል እንዳታይ። ፈተናውንም ልጁ ቤቱ በሚያወራው ቋንቋ አድርገው፣ አለዛ የምትለካው ንባብ ሳይሆን የቋንቋውን ባዳነት ነው። እኔ አንተን ብሆን ደሞ «ኬጂ ተምሯል ወይስ አልተማረም» ሚለውን ትቼ የተማሩትን እርስ በርስ አወዳድራለሁ፣ አስተማሪዋ ምን ያህል ታወራቸዋለች፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ስንት ልጅ አላት ብዬ። የጀሞዋ እናትም የደቡብ ጎንደሯ አስተማሪም የጠየቁኝ እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ እስራኤል ነታንያ ነው ምኖረው። ልጄ ጋን (እዚህ መዋለ ህጻናት ማለት ነው) ገብቷል፣ እኛ ስራ ስንውል ሚይዙት አያቱ ናቸው፣ እሳቸው ደሞ አማርኛ ብቻ ነው ሚችሉት። ሰው «እብራይስጡ ይበላሽበታል፣ 1ኛ ክፍል ይቸገራል» እያለ ያስፈራራኛል።
የናትናኤል አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አያቱን ዝም አታሰኛቸው። ልጅ በአንድ ቋንቋ በደንብ ማውራትና ማሰብ ከለመደ ያን ይዞ ነው ወደ ሁለተኛው ሚሄደው፣ እብራይስጡን ጋን ውስጥ ከጓደኞቹ ያገኘዋል፣ ከአያቱ ሚያገኘውን ግን ማንም አይሰጠውም። እናንተው ሀገር እ.ኤ.አ. በ1969 በእብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ፕሮግራም አለ፣ በእብራይስጥ ኤትጋር ይሉታል፣ ውጭ ሀገር ደሞ ሂፒ ይባላል፣ ሀሳቡ እናትን ራሷን የልጇ የመጀመሪያ አስተማሪ ማድረግ ነው፣ የኛም ቤተሰቦች ተጠቅመውበታል። ማዘጋጃ ቤት ወይ ጋኑን ጠይቅ፣ አሁን በሰፈራችሁ እንዲህ አይነት ነገር ካለ ተመዝገብ። እስከዛው ማታ ስትገባ ልጁን «ዛሬ አያትህ ምን ተረት አወሩህ?» በለውና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያውራልህ፣ በፈለገው ቋንቋ፣ ቢቀላቅልም አታርመው።