በጥቅምት ከድሬ ወዴት ልንዳ ላልሽው

«ጥቅምት ላይ ልጆቼን ይዤ ድሬዳዋ እመጣለሁ። ቨርጂኒያ እንደምናየው ቅጠሉ ቀለም ሲቀይር የሚታይበት፣ ተራራ ለተራራ የሚነዳ መንገድ አለ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህታችን፦ መንገዱ አለ። ቅጠሉ ግን እንዳሰብሽው አይደለም።

ያልሽውን አይቼዋለሁ። እህቴ ጋ ሄጄ በነበረ ጊዜ፣ በኦክቶበር፣ እዚያው ቨርጂኒያ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት መንገድ ላይ ወስዳኛለች። 169 ኪሎ ሜትር በተራራ ጀርባ ላይ፣ ጫካው ቢጫና ቀይ። አፌን ከፍቼ ነው የዋልኩት። እዚያ ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ ዛፎቹ ቅጠል ለማርገፍ ይሰናዳሉ። አረንጓዴው ይጠፋና ከሥሩ ተደብቆ የኖረው ቢጫ ብቅ ይላል። እኛ ጋ ደግሞ የዓመቱ ረጅም ቀን አጭሩን ቢበልጠው በአንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ዛፎቻችን በአንድ ሳምንት ተማክረው የሚቀሉበት ምክንያት የላቸውም።

አንድ ብሳና ብቻ አለ። ያረጀ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካንማ ይሆናል። ዛፉ እንዳለ አይደለም፣ አረንጓዴው መሀል ጥቂት ጥቂት። «ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለዛፉ ሁሉ ማን አስተማረና» ይባል የለ? መንቀዙን ለሁሉም አስተምሮ ቀለም መቀየሩን ለራሱ አስቀርቶታል።

እና ዛፉን ተዪና ማሽላውን እዪ። ጥቅምት የሐረርጌ ደጋ የማሽላ ወር ነው። አጨዳው ገና ነው፣ ህዳርን ይጠብቃል። ግን አገዳው ገርጥቶ የፍሬው ራስ ቀልቷል፣ ሌላው ማሳ ነጭ ነው፣ ሌላው ቡናማ። መሀል መሀሉን የጫት መደዳ አረንጓዴ አድርጎ ይሸነትረዋል። ዳገት ላይ በእርከን በእርከን ተደርድሮ ስታዪው፣ ወላሂ ከቨርጂኒያው አያንስም።

መንገዱ ከድሬ ወደ ደንገጎ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጪ። ድሬ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ደንገጎ ከ2,000 በላይ። ይህን ሁሉ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትወጪው፣ ኩርባ በኩርባ። ታች ግራርና ቁልቋል ነው። ከፍ ስትይ ክትክታ ይመጣል፣ ፍሬው ሲቀላ ከሩቅ አበባ ይመስላል። መስኮት ክፈቺ፤ ሙቀቱ የት ላይ እንደሚለቅሽ በፊትሽ ታውቂዋለሽ። ድሬን ከላይ ለማየት ሰፋ ያለ ዳር ፈልገሽ ቁሚ፣ ኩርባ ላይ እንዳትቆሚ። ረፋዱ ካለፈ ሜዳው በአቧራና በሙቀት ይደበዝዛል፣ ፎቶሽም ነጭ ይወጣል።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ሰው ሁሉ ወደ ግራ፣ ወደ ሐረር ይታጠፋል። መጥፎ አይደለም። አዴሌ አለ፣ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ኖሮ ውሃው የተመለሰለት ሐረማያ ሐይቅ አለ። የጫት ገበያዋ አወዳይ ላይ ግን የመኪናው ሰልፍ ያሰለቻል። (ቀይ ቅጠል ካልሽ የጫቱ ቀንበጥ እዚያ በሽ ነው፣ ለልጆች ግን አይሆንም።)

እኔ ወደ ቀኝ ነው የምታጠፈው፣ በቀርሳና በላንጌ አድርጌ ወደ ቁልቢ። መንገዱ ተራራው ጀርባ ላይ ነው የሚሄደው፣ ማሳው በሁለቱም በኩል ይወርዳል። ልጆቹ ከደከሙ ቁልቢ ገብርኤል ግቢ ውስጥ አረፍ በሉ። ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ያስተከሉት ደብር ነው። ካልደከሙ እስከ ጨለንቆ ቀጥዪ። የቁልቢ ንግሥ በሚውልበት ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 ብቻ በመኪና ለሽርሽር አትሞክሪው፣ መንገዱ የእግረኛ ነው።

አሁን ዋናው፣ መውረዱ። የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴን ይዤ ከቁልቢ ስመለስ ነው። አንድ ጋራዥ «የፍሬን ሸራህ ገና ነው» ብሎኝ ነበር፣ አምኜ ደንገጎን በአራተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፔዳሉ ባዶ ሆነ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ በተራራው በኩል ቦዩ ውስጥ ከተትኳት። እናቴ ቃል አልተነፈሰችም፣ ገብርኤልን ብቻ ትጠራለች። የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ ጎማዬ ሥር ድንጋይ ጣለልኝ። ጎማው ላይ ውሃ ላፈስ ስል እጄን ያዘኝ፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል አለኝ። ግማሽ ሰዓት አስቀምጦኝ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ብሎ ሄደ።

አንቺም ሁለተኛ ማርሽ ያዢ። ከኋላ የጫት መኪና ጥሩንባውን ቢያስጮኽብሽ ዳር ያዢና አሳልፊው፣ እሱ የሚቸኩልበት አለው። ከመውጣትሽ በፊትም መናኸሪያ ሄደሽ የመንገዱን ሁኔታ ሹፌሮቹን ጠይቂ።

መስከረም መጨረሻ ላይ መድረስ ከቻልሽ ደግሞ አደዩ ሳይረግፍ ታገኚዋለሽ። ቀይ ዛፍ ካላየሁ ካልሽ ግን ያለው ድሬ ነው፣ በስሟ የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ፤ እሱም የሚያብበው ግንቦት ላይ ነው። ለሙቀቱ ተዘጋጅተሽ ነዪ አቦ።