ስለ ሶሻል ወርክ ሙያ ጠይቁኝ

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር ስለ ሶሻል ወርክ የሚጠይቁኝ ይበዛሉ። በሕፃናት ጉዳይ የምሠራ ባለሙያ ነኝና የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሥራው እርዳታ ማከፋፈል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ዱቄትና ብርድ ልብስ ለማደል አራት ዓመት መማር አያስፈልግም። የእኛ ድርሻ ቤተሰቡ ለምን እዚህ ደረሰ ብሎ መመርመር፣ ከዚያም ከወረዳው፣ ከጤና ጣቢያው፣ ከዕድሩ ጋር ማገናኘት ነው። አብዛኛው ቀን በስልክና በወረቀት ያልፋል።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ ሶሻል ወርከር ፍርድ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቃችሁኝ ደስ ብሎኛል። ለሕፃናት ምቹ በሆኑት ችሎቶች ጥቃት የደረሰባት ልጅ ከተከሳሹ ፊት አትቆምም። ለብቻ በተዘጋጀ ክፍል ከባለሙያ ጋር ትቀመጣለች፤ ችሎቱ በካሜራ ይከታተላታል። የዳኛው ጥያቄ በጆሮ ማዳመጫ ለባለሙያዋ ይደርሳል፤ እሷ ደግሞ ለልጅቷ በሚገባት አነጋገር ታቀርበዋለች። «ድርጊቱ በስንት ሰዓት ተፈጸመ?» የሚለው «ያን ጊዜ ምሳ በልተሽ ነበር ወይስ ገና ነበር?» ሊሆን ይችላል። መልስ ሳይጠቁሙ፣ ፍሬ ነገሩንም ሳያዛቡ ማቅረብ ነው ጭንቁ። በፍቺ ጊዜም ልጅ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ሲያከራክር ቤት ድረስ ሄደን አይተን ሪፖርት እናቀርባለን።

ጥያቄ፦ ትምህርቱ ለአገራችን አዲስ ነው?

መልስ፦ በአዲስ አበባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ጀማሪውን እጁን ይዞ የሚያሠራ አንጋፋ ዛሬም የሚያጥረን በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ደመወዙስ?

መልስ፦ ሀብት አትጠብቁ። እርዳታ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሻለ ይከፍላሉ፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ቅጥሩም አብሮ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የሰው ችግር ስሰማ እንባዬ ይቀድመኛል። ይሆነኛል?

መልስ፦ ርኅራኄሽ አይጠላም፤ ግን እናትየዋ ስታለቅስ አንቺም ካለቀስሽ ጉዳዩን ማን ይይዝላታል? እኔ ከእንባሽ ይልቅ የምጠይቅሽ ምስጢር መጠበቅሽን ነው። የሰማሽውን ለእናትሽም ቢሆን አትነግሪም።

ጥያቄ፦ በዚህ ዲግሪ አሜሪካ ሄጄ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ እንዲሁ በቀጥታ አይሆንም። መጀመሪያ ዲግሪህ እዚያ ካለው ጋር አቻ መሆኑ ይመዘናል፤ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠውም እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በራሱ ሕግ ነው። ልትኖርበት ያሰብከውን ግዛት መስፈርት ከአሁኑ አንብብ፤ የትምህርት ማስረጃህንም ሳትሄድ አሟልተህ ያዝ።