አሥራ አራት ደረጃ

ጥያቄ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። በልጅነቴ ፖሊዮ ስለያዘኝ የምሄደው በክራንች ነው። ባለፈው ወር አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳዬ ፎቅ ላይ ነው ተባልሁና ጥበቃው አሥራ አራት ደረጃ አዝሎ አወጣኝ፤ ደግ ሰው ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ግን “ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች፤ አሜሪካ ገና ናት” ይለኛል። እውነት ከሆነ እኔ ለምን እታዘላለሁ?

መልስ፦ ወንድምዎ የነገሩዎት እውነት ነው። ፊርማ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው፤ ማጽደቅ ኒካሕ ማሰር። ኢትዮጵያ በ1999 ፈርማ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገር ሕግ አካል ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ፈረመች። እ.ኤ.አ. በ2012 ሴኔቱ ድምፅ ሲሰጥ የቀድሞው የሴኔቱ መሪ ቦብ ዶል በዊልቸር ተገኝተው ነበር፤ 61 ደግፈው 38 ተቃወሙ፣ ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ ወደቀ። ወንድምዎ እዚያ የሚያዩት የዊልቸር መወጣጫ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ካወጡት የራሳቸው ሕግ ነው፤ የጣሰው ይከሰስበታል።

እኛም ሕግ አላጣንም። በ2001 የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለዊልቸር ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን መራመድ እየቻለ ደረጃ መውጣት ለማይችልም የሚመች መግቢያ ይኑረው አለ። እርስዎን ነው ያለው! “ደሴ ዳገት ናት፣ ምን ይደረግ” የሚሉኝ አሉ። የጦሳን ተራራ ደልድሉ ያለ የለም፤ ደረጃውን የሠራው ግን ሰው ነው።

እኔም እናቴን ለጡረታዋ ጉዳይ አዝዬ ደረጃ ወጥቻለሁ። ሰው እንዳያያት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ነበር። የጥበቃውን ደግነት አመሰግናለሁ፤ መብትዎ ግን በእርሱ ጀርባ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ለኃላፊው ማመልከቻ ይጻፉ፤ ሁለቱንም አዋጆች በቁጥራቸው ይጥቀሱ። መወጣጫው እስኪሠራ ጉዳይዎን የያዘው ሠራተኛ ምድር ቤት ወርዶ እንዲያስተናግድዎ ይጠይቁ፤ ይህ በጀት አይጠይቅም። ግልባጩን ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይላኩ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ እጅዎ ያስቀሩ። ስምምነቱን ለሚከታተለው ጄኔቫ ላለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ በግል አቤት የሚያስብለውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል አገራችን ስላልተቀበለች ያ በር ዝግ ነው።

መጻፉ ከከበደዎት ፒያሳ ያለው ቢሮዬ ምድር ቤት ነው። ይምጡ፣ አብረን እንጽፋለን።