ሆዷን አሟት ልቧ ለምን ይደክማል? ስለ ከብት ጤና ጥያቄና መልስ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ የአካል ክፍል ይነሳሉ፤ ሆዷ፣ ጡቷ፣ እግሯ ይባላል። ላም ግን በየክፍሏ ተለያይታ አትታመምም። አንዱ ጋ የጀመራት ሕመም ሌላው ጋ ይወጣል። አብዛኛው ጥያቄያችሁ ስለ ላም ስለሆነ እኔም እዚያው ላይ አመዝናለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ላማችን ጠዋት ደህና ነበረች። አልፋልፋ ማሳ ገብታ ስትበላ ቆየች። ከዚያ ሆዷ ተነፋና ሐኪም ሳይደርስላት ሞተች። የሆድ ነገር እንዲህ ቶሎ ይገድላል?

መልስ፦ እግዜር ይተካላችሁ። እንዲህ ቶሎ የገደላት ትንፋሽ ማጣት ነው። የላም ጨጓራ በግራ ጎኗ በኩል ነው፤ ትልቅ የወተት ላም ከሆነች ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሣሩን እንደ ጠላ ጥንስስ ያብላሉታል። ጋዝም ያለማቋረጥ ይወጣል። ጤነኛ ላም ጋዙን እያገሳች ታስወጣዋለች። ርቧት ለጋ አልፋልፋ ወይም ማገጥ በብዛት ስትበላ ግን ጋዙ አረፋ ውስጥ ይታሰራል። አረፋ ደግሞ በግሳት አይወጣም። ጨጓራው ይወጠርና ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ወደ ፊት ይገፋዋል። ሳንባ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ሆድ ውስጥ ያሉት ትልልቅ የደም ሥሮችም ስለሚጨፈለቁ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ያንሳል።

ሌላ ጊዜ ቢያጋጥማችሁ እንዳትተኛ አድርጉ። የፊት እግሮቿ ከኋላዎቹ ከፍ ብለው እንድትቆም አድርጉና ወዲያው ሐኪም ጥሩ። የምግብ ዘይት አረፋውን ይሰብራል፤ ግን በተኛችበት ወይም አንገቷን ወደ ላይ ጠምዝዞ ማጠጣት ዘይቱን ወደ ሳንባዋ ይከተዋል። ከሁሉም የሚሻለው ወደ ለጋ መኖ ከመሰማራቷ በፊት ድርቆሽ ወይም ገለባ ማብላት ነው።

ጥያቄ፦ የእኛ ላም የምትበላው ደረቅ ገለባ ነው። ወተቱ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ላሟ ራሷ ገለባን ማፍረስ አትችልም፤ የሚያፈርሱላት እነዚያ ተሕዋስያን ናቸው። ከገለባው የተለያዩ አሲዶችን ይሠራሉ። አንዱ አሴቲክ አሲድ ነው፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ማለት ነው። ሌላው ፕሮፒዮኒክ ይባላል። ሁለቱም በጨጓራው ግድግዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ። ፕሮፒዮኒኩን ጉበት ተቀብሎ ግሉኮስ ያደርገዋል። ጡት ያንን ግሉኮስ ወስዶ የወተቱን ስኳር ይሠራበታል። አሴቲኩ ለቅቤው ይሆናል። ተሕዋስያኑም ከምግቡ ጋር ወደ ታች ሲወርዱ ይፈጩና ላሟ ፕሮቲን ታገኝባቸዋለች።

አሁን ልቧን አስቡ። 1 ሊትር ወተት እንዲሠራ ከ400 እስከ 500 ሊትር ደም በጡቷ ውስጥ ማለፍ አለበት። በቀን 10 ሊትር ለምትታለብ ላም ከ4,000 ሊትር በላይ ደም ነው። ከወተቱ ደግሞ 87 በመቶው ውሃ ነው። ውሃ ሲጓደልባት ቀድሞ የሚቀንሰው ወተቷ የሚሆነው ለዚህ ነው። መኖ ተወደደ ብላችሁ የምትጨነቁ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ የውሃ ገንዳውን እዩ።

ምራቋን ደግሞ ሰው ይረሳል። ላም ስታመሰኳ ምራቋ ወደ ጨጓራዋ ይወርዳል፤ ትልቅ የወተት ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ታመነጫለች። ያ ምራቅ የጨጓራውን አሲድ ያበርደዋል። እኔ በረት ስገባ ሙቀት ከመለካቴ በፊት የማየው ከተኙት ስንቶቹ እያመሰኩ እንደሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ላሜ ስንዴ ጆንያ ቀዳ በልታ በማግስቱ ለምን ወደቀች? ስንዴ ከገለባ አይሻልም እንዴ?

መልስ፦ ለተሕዋስያኑ በጣም ስለሚፈጥንባቸው ነው። ስንዴው ቶሎ ይብላላና ላክቲክ አሲድ ይሞላል። ምራቅ አይችለውም። ገለባ የሚያፈርሱት ተሕዋስያን ያልቃሉ። የጨጓራው ፈሳሽ ስለሚወፍር ከደሟ ውሃ ይስባል፤ ዓይኗ ይሰረጉዳል፣ የልብ ምቷ ይፈጥናል፣ ኩላሊቷ ደም ያጥረዋል። ከተረፈች በኋላም ሰኮናዋን ሊያማት ይችላል። ያን ጊዜ ስንዴውን የሚያስታውስ ሰው አላገኝም፤ “እግሯን ምን ነካት?” ተብዬ ነው የምጠራው።

ጥያቄ፦ የፈረንጅ ላማችን ሦስተኛዋን ወለደች። በማግስቱ መነሳት አቃታት፤ ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋለች። ጎረቤቶች ብርድ መቷት ነው ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት፤ እስከ ነገ አይጠበቅም። የነገርሽኝ ምልክት የካልሲየም እጥረት ምልክት ነው። በላም ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ካልሲየም 3 ግራም ያህል ነው። 10 ሊትር እንገር ግን ከ20 ግራም በላይ ይዞ ይወጣል። ጉድለቱን መሙላት ያለባቸው አጥንቷና አንጀቷ ናቸው። አንገቷ ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ለአጥንቱ መልእክት ትልካለች፤ አንጀት ከመኖው አብዝቶ እንዲወስድ የሚያደርገውን ቫይታሚን ዲ ለሥራ የሚያበቁት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ይህ ሁሉ እስኪነቃ ጊዜ ይፈጃል። ካልሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል። ልብም ጡንቻ ነውና ይደክማል፤ ጆሮዋ የቀዘቀዘው ደም ስላልደረሰው ነው።

ካልሲየም በደም ሥር ሲሰጣት ተነስታ ስትቆም ማየት ያስደስታል። ግን በራሳችሁ እንዳትሞክሩት። በፍጥነት ከገባ ያንኑ ልብ ያቆመዋል። ሐኪሙ በዝግታ እየሰጠ ልቧን የሚያዳምጠው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እንገር ለጥጃው ይከብደዋል ይባላል። እስኪጠነክር ብንጠብቅስ?

መልስ፦ አትጠብቁ። ጥጃ ሲወለድ በሽታ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ የላም የእንግዴ ልጅ መከላከያውን ከደሟ ወደ ጥጃው አያሳልፍም። የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱም ያንን መከላከያ ሳይፈጭ ወደ ደም የሚያስገባው ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ይጥገብ። ለሰው የሚተርፍ ካለ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ጥጃዋ ሞተባትና ወተት አልሰጥ አለች። ጡቷ ግን ሞልቷል።

መልስ፦ የሐበሻ ላም እንዲህ ናት። ወተቱ ጡቷ ውስጥ አለ፤ እንዲወርድ ግን አእምሮዋ መፍቀድ አለበት። ጥጃው ሲጠባት፣ ሲሸታት፣ ስታየው ነርቮቿ ለአእምሮ ይነግራሉ። አእምሮ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። ደም ጡት ጋ ሲያደርሰው በወተት ከረጢቶቹ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ይኮማተራሉ፣ ወተቱም ይወርዳል። ስትደነግጥ ወይም ስትመታ አድሬናሊን ይወጣና ይህን መንገድ ይዘጋዋል። ስለዚህ መጮህና መደብደብ ወተቱን ያስይዛታል እንጂ አያስለቅቃትም።

የሞተውን ጥጃ ቆዳ ጨው ነስንሰው ገለባ ሞልተው ፊቷ የሚያቆሙ አርቢዎች አሉ። ላሟ ስትልሰው ወተቷ ይወርዳል። ሆርሞን የሚለውን ቃል ሳይሰሙ የደረሱበት ዕውቀት ነው፤ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ጡቷን በለብ ያለ ውሃ እያሹ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰው፣ በአንድ ሰዓት ቢያልባትም ቀስ በቀስ ትለምዳለች።

ጥያቄ፦ ዶሮ እንቁላል ስትጥል ካልሲየም አያልቅባትም?

መልስ፦ ያልቅባታል። አንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት፣ ሳትበላ ስለሆነ ከአጥንቷ ትበደራለች። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት መኖዋ ላይ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ርዕሱ ላይ ያለውን ልጠይቅ። ሆድ ልብን እንዴት ይጎዳል?

መልስ፦ በሚስማር። ላም ስትበላ በከንፈሯ አትመርጥም፤ ሽቦና ሚስማር ከገለባ ጋር ትውጣለች። ከባድ ነገር ወርዶ የሚያርፈው ከጨጓራው ፊት ለፊት ባለችው ትንሿ የሆድ ክፍል ነው። በእሷና በልብ መካከል ድያፍራም ብቻ አለ፤ ርቀቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ሆዷ በተኮማተረ ቁጥር ሽቦው ወደ ፊት ይገፋል። አንዲት ላም ከታረደች በኋላ የልቧን ከረጢት ስከፍት የሚሸት መግል ሞልቶት ነበር፤ ጫፉ የዛገ የማሰሪያ ሽቦ ከድያፍራሙ ወጥቶ ልቡን ነክቶታል። ባለቤቱ የጠራኝ ደረቷ ሥር ስላበጠ ነበር።

ቁልቁለት መውረድ ስትፈራ፣ ክርኗን ከጎኗ ስታርቅ፣ ጀርባዋን ስታጎብጥ፣ የአንገቷ ደም ሥር ሲወጠር ጠርጥሩ። በጊዜ ከተደረሰባት የምትድንበት ዕድል አለ፤ ሽቦው ልብ ከደረሰ ግን ሕክምናው ብዙም አይረዳትም። ቤት ካሠራችሁ ግቢውን በማግኔት ጥረጉ፤ ድርቆሽ በሽቦ ታስሮ ከመጣም ሽቦውን ቆርጣችሁ ቆጥራችሁ አውጡት።